የመላኪያው ምርቃት

ፈህሚያ ለሙሽራ ቀሚስ ጥልፍ የሚሆን ወርቃማ ክር ጎንደርን ብታስስ አጣች። በመጨረሻ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ በቴሌግራም ሲሸጥ አገኘችና የክሩን ዋጋ ሳትከራከር በባንክ አስገባችለት፤ ለመላኪያ ብሎ የጠየቃትን ሁለት መቶ ሃምሳ ብርም ጨመረችለት።

ዕቃው በአውቶቡስ መጣ። ከመናኸሪያ ተቀብላ፣ ከአባቷ የወረሰችው ሱቅ ገብታ ስትፈታው፣ ነጋዴው የላከበት ደረሰኝ ከክሩ ጋር ተጠቅልሎ ወጣ። ሰማንያ ብር ይላል። ደሟ ፈላ፤ ደወለችለት።

«ምነው ወንድሜ? ደረሰኙ ሰማንያ ይላል!»

«እህቴ፣ ማሸጊያ አለ፣ ታክሲ አለ፣ ድካም አለ...»

«ማሸጊያህ አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ይኸው እያነበብኩት ነው! ስማኝማ፣ አባቴ ቅዳሜ ገበያ አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጧል። በሜትር ለክቶ ሲያበቃ አንድ ስንዝር ሳይመርቅ መቀስ አንስቶ አያውቅም። ገዢው ‹ይመርቁልኝ› እስኪለው እንኳ አይጠብቅም ነበር። አንተ ግን ሳትለካ ቆረጥከኝ!»

የሰውየው ድምፅ ወረደ። «እሺ በቃ፣ አትቆጪ። ትርፉን አሁኑኑ ልመልስልሽ።»

ፈህሚያ ቀና አለች። የአባቷ የብረት ሜትር ግድግዳው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ በእጅ ብዛት ጫፉ ያብረቀርቃል።

«አትመልስ» አለችው። «ከዚህ ሱቅ ምርቃት ሳይዝ የሄደ ሰው የለም። መቶ ሰባውን መርቄልሃለሁ።»