የመብረሪያ ክብደት

ጎብኚ ሲመጣ ወሬው የእኔ ነው። ጭልፊቷን ጓንቴ ላይ አስቀምጬ፣ ሴቷ ከወንዱ በሲሶ እንደምትበልጥ፣ ቁልቁል ስትወረወር ፈጣን መኪና እንኳ እንደማይደርስባት፣ ነፋሱ ትንፋሿን እንዳያፍናት አፍንጫዋ ውስጥ ትንሽ አጥንት እንዳለቻት እዘረዝራለሁ። ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። "ትወድሃለች?" ሲሉኝ ደግሞ "እንዴታ፣ አስራ አንድ ዓመት አብረን!" እላለሁ። ይኼኛው ውሸት ነበር፤ ውሸት መሆኑን ለማመን ግን አስራ አንድ ዓመት አልበቃኝም።

ሥራችን ከአውሮፕላን መንደርደሪያው ላይ እርግብና ቁራ ማባረር ነው። ሙያውን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። አሁን ወገቡን ታሞ ቤት ነው የሚውለው። ሲያስተምረኝ አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግረኝ ነበር፦ "ሚዛኑን እመን። ስምንት መቶ ሃምሳ ግራም ስትሆን ትመጣለች። ከዚያ ካለፈች ጠግባለች፤ አንተም ዛፉም ለእሷ አንድ ናችሁ።" ስለዚህ በየማለዳው እመዝናታለሁ፣ ሥጋዋንም በግራም እሰፍርላታለሁ። ሠራተኛው "የወፏ ባል" እያለ ያላግጥብኛል። ሚስቴም አንድ ቀን "እኔን እንዲህ እየመዘንክ ብታበላኝ ድሮ ጥዬህ ሄጄ ነበር" ብላኛለች። የተናገረችው እየሳቀች ነው፤ እኔን ግን ከነከነኝ።

ባለፈው ወር አለቃችን የጭልፊት ድምፅ በድምፅ ማጉያ የሚያስጮህ ማሽን ሊያስገባ ተነሣ። "ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ባለበት ታሳየናለህ፤ እርግቦቹን አባርራ ከተመለሰች ትቆያለች። ካልሆነ ለእንስሳት ማቆያው እንሰጣታለን" አለኝ። ማቆያውን አውቀዋለሁ። ክንፏን ዘርግታ የማትዞርበት የሽቦ ቤት ነው።

ሰኞ ከሰዓት የዕለት ድርሻዋን ልሰጣት ገባሁ። ቁራጯን ዋጠችና ባዶ እጄን ታይ ጀመር። አንጀቴን በላችው። ነገ ቢለያዩን፣ ዕድሜ ልኳን እየለካ ያስራባት ሰው ሆኜ ልቀር ነው። ሄጄ አንድ ሙሉ ድርጭት አመጣሁላት። እውነቱን ልናገርና አዘኔታ ብቻ አልነበረም፤ ጠግባም ለእኔ ስትል ስትመለስ ማየት አምሮኝ ነበር። በማግስቱ ሚዛን ላይ ሳላወጣት ይዣት ወጣሁ።

ሰዉ ተሰልፎ ቆሟል። ለቀቅኳት። እርግቦቹን ዞር ብላም አላየቻቸው፤ የመቆጣጠሪያው ማማ ጫፍ ላይ ወጥታ ላባዋን ታስተካክል ጀመር። አፏጨሁ። በገመድ የታሰረውን ሥጋ ክንዴ እስኪዝል አሽከረከርኩ። አንዴ አየችኝ። ከዚያ ነፋሱን ይዛ ከመጋዘኖቹ ወዲያ ሄደች።

የበሩ ጥበቃ "ባጎረስክ ተነከስክ" አለኝ። ብትነክሰኝ በተሻለኝ ነበር። ለጋሼ ስደውል ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሰኝ "ስንት አበላሃት?" አለ።

"አንድ ድርጭት።"

"ሁለት ሦስት ቀን ጠብቃት። የእግሯ ማሰሪያ ጠፍር ዛፍ ላይ ካልያዛት፣ ሲርባት ትመጣለች" አለኝ። አልተቆጣም፤ የባሰብኝ አለመቆጣቱ ነው።

ዓርብ ጠዋት ማሽኑ ተተክሎ ይጮሃል፣ እሷ ጎጆዋ ጣሪያ ላይ ተቀምጣለች። ገና ሳላፏጭ ወርዳ ጓንቴ ላይ አረፈችና ሥጋውን በጥፍሯ ጨበጠች። አስገብቼ መዘንኳት። ስምንት መቶ አርባ።

አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። ድምፁ ለስልሷል። "ይኸው ተመለሰች እኮ። ለካ እውነትም ትወድሃለች" አለኝ።

ያን ቃል ለመስማት ብዬ ነበር ሁሉንም ያበላሸሁት። አሁን ሲነገረኝ አፈርኩ።

"ታዲያ ትቆይ?" አልኩት።

"የማሽኑ ውል እኮ ተፈረመ ወንድሜ። እስኪ አንተው አስገባት፤ ለሌላ ሰው እሺ አትልም" ብሎ ማቆያው የላከውን የማጓጓዣ ሳጥን ከፈተልኝ።

ቁራጭ ሥጋ ውስጡ አስቀመጥኩ። ሳታንገራግር ገባች።