የዶሚቲላ ድንጋይ

ዶሚቲላ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ በጀሶ ከታሰረ ወዲህ ሥራዋ ማዘዝ ብቻ ሆኗል፤ እሱን ደግሞ ድሮም ታውቅበታለች። ምራቷን ኦቲሊያን ያስጨነቃት ትእዛዙ ሳይሆን ያ ባለ ሦስት እግር ጥቁር የድንጋይ ሙቀጫ ነው። ከተዳረች ጀምሮ አማቷ አንድ ቀን እንኳ አላስነካቻትም። ድንጋዩን የማይነካ ሰው ደግሞ እዚያ ቤት እንግዳ ነው፤ ኦቲሊያ እንግድነቱ መሯታል። ነገ የቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ነው፣ ሰፈሩ የሚመጣው ለዶሚቲላ የቃሪያ ማባያ ነው፣ ከኦቲሊያ በቀር የሚፈጭ የለም።

አማቷን ደስ ይበላት ብላ ሙቀጫውን በሳሙና ፈትጋ አጠበችው። ዶሚቲላ ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«ምን አደረግሽው?»

«አጠብኩት፣ እማማ።»

«ካልሲ ነው እንዴ? ይሄ እኮ ሳሙና ይጠጣል። ነገ አበልጆቼን አረፋ ልታበያቸው ነው?»

ኦቲሊያ የምትገባበት ጠፋት።

«ቆመሽ አትዪኝ። ጥሬ ሩዝ አምጪ፤ ሳሙናውን እሱ ያወጣዋል።»

ሩዙን ፈጨች። ግራጫ ሆነ፤ ደፋችው። ደግማ ፈጨች፣ ደግማ ደፋች፤ ዱቄቱ ነጭ እስኪወጣ ድረስ ክንዷ ዛለ። ከዚያ ድንጋዩን ለማሟሸት ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ ጨው አስከተለች።

«አትደብድቢው፤ አይጥ እየገደልሽ አይደለም» አለች ዶሚቲላ ከወንበሯ። «ጫን እያልሽ አዙሪው። ክንድሽን ተዪው፣ ትከሻሽ ይሥራ።»

በማግስቱ ኦቲሊያ እሳት ላይ የጠቆረውን ቲማቲምና ቃሪያ ጨመረች። ሻካራው ድንጋይ ልጣጩን ነክሶ ያዘው፤ ጭማቂው ወጣ፣ ሽታው ግቢውን ሞላው። እናቷ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ መፍጫ ይከትፋል እንጂ እንዲህ አያደርግም። ይህን ድንጋይ የጠረበውን ሰው በልቧ አመሰገነችው። ትከሻዋ መንገዱን ሲያገኝ የድንጋዩም ድምፅ ተለወጠ፤ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ የማይቆራረጥ ሆነ።

ከአጥሩ ውጭ የጎረቤቱ የዶን ናቦር እርምጃ ቆመ። ያንን ድምፅ ዕድሜ ልኩን ሰምቶታል።

«አበልጄ!» አለ ገና በሩን ሳይከፍት። «እጅሽ ዳነ እንዴ?»

ኦቲሊያ መፍጨቷን አላቆመችም። ዶሚቲላ ጭኗ ላይ የተኛውን ጀሶ አየች፤ ምራቷን አየች።

«አዎ» አለች። «ዳነልኝ።»