ተርቦ የገባላት ቀይ ፊያት

ባሌ ሲሞት ከተወልኝ ነገር ሁሉ ለማንም የማልሰጠው ያቺን ቀይ ፊያት ስፓይደር ነው። የባሌ ታላቅ ወንድም ኦቦ ሊቤ ከሱሉልታ መጥተው፣ ሰበታ ግቢዬ ውስጥ ዶሮ ሰፍሮባት ያዩ ጊዜ ፈረዱባት። “የወንድሜ መኪና የዶሮ ቤት ሆና ከማይ ትሸጥ። ካልሆነ የእንጦጦን ዳገት ወጥታ ታሳየኝ፤ ያኔ አፌን እዘጋለሁ” አሉኝ። የባል ታላቅ ቃል ነው፤ እሺ አልኩ።

ችግሩ፣ ዳገት ድሮም አትወድም። ባሌ እያለ እንኳ ግማሽ መንገድ ላይ እንደ አስም በሽተኛ ታለከልካለች። ስለዚህ ቡራዩ ጀዋሂር ጋራዥ አስጎተትኳት። ጀዋሂር ሴት መካኒክ ናት፤ ምላሷ ከእኔ አይተናነስም፣ ለዚህም ነው የመረጥኳት።

ኮፈኑን ከፍታ ሞተሩን አዳመጠች። “እማማ ጥሩዬ፣ ጤነኛ ነው። ያጠረው አየር ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ ልግጠምለት።”

“ምን ሊያደርግለት?”

“አየር በግድ ይግተዋል።”

የያዘችው ከአሮጌ ፒካፕ የተፈታ፣ ቀንድ አውጣ የሚመስል ብረት ነው። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

“ማን ነው የሚያዞረው?”

“ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ። በዚህ በኩል ያለችውን መዘውር እየገፋ ያሽከረክራታል፤ በወዲያ በኩል ያለችው አብራ ትዞርና አየር ትነፋለች።”

“ይህን ሁሉ ዘመን ጭሱን በከንቱ ስንለቀው ኖረናል በይኛ።”

ቀጥላ ራዲያተር የመሰለ ነገር አመጣች። ኢንተርኩለር ነው አለች። ውሃው በየት እንደሚገባ ብጠይቃት ሳቀችብኝ።

“ውሃ የለውም። አየር ሲታመቅ ይግላል፤ ጎማ ሲነፉ ፓምፑ እጅ ያቃጥል የለ? የጋለ አየር ሞተር ይጎዳል። በዚህ አልፎ በርዶ ይገባል። ከፊት አፏን ትንሽ ቆርጬ ነው የማስቀምጠው።”

“ፊቷን ብትነኪ እኔም ያንቺን አልምርም።”

ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ ከፊት ፍርግርጓ ኋላ አጥብባ ሸጎጠችው። ካርቡሬተሩንም ቤንዚን በርከት አድርጎ እንዲሰጥ አስተካከለችው። “ብዙ አላስነፋውም፤ የድሮ ሞተር ነው፣ ፒስተኑን ይበሳዋል” አለች። ጥንቃቄዋን ወደድኩላት፤ አልነገርኳትም እንጂ።

ኦቦ ሊቤ እንጦጦ ላይ በቀጠሩን ቀን ጀዋሂር እየነዳች አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን ጀመርን። ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር አፏጨ። “ተርቦው ነው” አለች። ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ ጥለን አለፍን። ሳቄን ዋጥኩት፤ እንዳትኮራብኝ።

ኦቦ ሊቤ አፋፉ ላይ ፈረሳቸውን ይዘው ጠበቁን።

“አጥፊና ውረጂ” አልኳት። ሽማግሌ ቆሞ፣ ሞተር እያስጮሁ መቀመጥ በእኛ ዘንድ ስድብ ነው።

“አላጠፋም። ተርቦው አሁን ፍም ነው። ሞተሩ ከቆመ ዘይቱም ይቆማል፤ ውስጡ ተቃጥሎ ይጣበቅበታል። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ አይዝም፣ እግሬን ካነሳሁ ቁልቁል መሄዷ ነው።”

ብቻዬን ወርጄ እጅ ነሳሁ። ኦቦ ሊቤ ሰላምታዬን ሳይመልሱ በአለንጋቸው ወደ መኪናዋ ጠቆሙ።

“ይቺ ልጅ ተቀምጣ ነው የምታየኝ? ብረቱ ወጣ፣ ሥርዓቱ እታች ቀረ። ትሸጥ።”

ጀዋሂርን አጥፊው ብላት ኦቦ ሊቤ ይታረቁኛል፤ ተርቦው ግን ይሞታል። ምን እንደምል ሳስብ፣ እሳቸው እየተቆጡም ፈረሱን ወዲያ ወዲህ ማመላለሳቸውን አልተዉም።

“ለምን አያስሩትም?” አልኳቸው።

“ጋልቤው ነው የመጣሁት። አልቦት ድንገት ከቆመ ይታመማል።”

“እሷም ጋልባ ነው የመጣችው። ልጅቱ ላቧን እያደረቀችላት ነው። ለፈረስዎ ያዘኑትን ያህል ለወንድምዎ መኪና ቢያዝኑ ምን ነበረበት?”

 ልጓሙን እንደያዙ ተጠግተው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉና ቶሎ አነሱት።

“የቱ ጋ ነው የሚያልባት?” አሉ ጀዋሂርን።

በመስኮት አንገቷን አውጥታ ስለ ጭሱ ታስረዳቸው ጀመር። ሁለት ጊዜ አስደገሟት። በኋላ ተርቦው በረድ ሲል ሞተሩን አጥፍታ፣ ማርሽ አስገብታ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጋ በሁለት እጇ ስትጨብጣቸው፣ ሰላምታውን ችላ ብለው ኮፈኑን አስከፈቷት።

አይተው ሲበቃቸው ወደ እኔ ዞሩ። “አትሸጥም” አሉ። ቀጥለውም “ቁልቁለቱንስ እንዴት ናት?” ብለው ልጓሙን አስጨብጠውኝ ከጀዋሂር ጎን ገቡ። ፊያቷ ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። ወደ ሱሉልታ ሲወርዱ ቆሜ አየኋቸውና ፈረሱን ማመላለስ ጀመርኩ፤ ላቡ ገና አልደረቀም።