ያልተቀየረው ፓስዎርድ

1

ፕሮፖዛሉ ወደቀ። የወደቀው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ሌላ ሰው ቀድሞ ስላቀረበው ነው። ሌላው ሰው እዮስያስ ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ የኑሃሚን።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህ እንዴት እንደሆነ ነው። ልብ የሚያንጠለጥል ነገር የምትፈልጉ ከሆነ አሁኑኑ ተዉት፤ ሌባው ከነስሙ ተነግሯችኋል።

2

ሰዎቹ፦

ኑሃሚን። አዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ። ሥራዋን ሳታጠናቅቅ ማሳየት አትወድም።

እዮስያስ። የክፍሏ ልጅ። ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ኮምፒውተር ላብ አብረው ይቀመጣሉ። ሥራ ሳይጀምር ማውራት ይወዳል።

ጋሽ ድንበሩ። የላቡ ኃላፊ። የአየር ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ወዲህ በሩን በአንድ የሞተ ኮምፒውተር ደግፈው ክፍት ያደርጉታል። ማንም እንዲዘጋው አይፈቅዱም።

የኑሃሚን እናት። ዲላ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት። እዚህ ታሪክ ውስጥ በስልክ ብቻ ነው የምትገኘው።

3

ሐሳቡ የመጣው ከእናቷ ቢሮ ነው።

የቢሮው ኮምፒውተር አልታዘዝ ባለ ቁጥር እናትየዋ ትደውላለች፤ ኑሃሚን ዶርሟ ተቀምጣ በሪሞት ዴስክቶፕ ትገባለች። ሪሞት ዴስክቶፕ ማለት ሩቅ ያለን ኮምፒውተር ፊት ለፊት እንዳለ አድርጎ ማዘዝ ነው፤ የዚያ ስክሪን እዚህ ይታያል፣ የዚህ ማውስ እዚያ ይንቀሳቀሳል። ኔትዎርኩ ደህና ሲሆን። ደህና ካልሆነ የማውሱን ቀስት ትልኪዋለሽ፣ እሱ ሲመቸው ይደርሳል።

«ነካሽው?» ትላለች እናቷ።

«ነካሁት እማ። አልደረሰም።»

«እኔ ልንካልሽ?»

«እንዳትነኪው።»

«ነካሁት።»

ከእንዲህ ያለ አንድ ከሰዓት በኋላ ኑሃሚን ተናደደችና የፕሮግራሙን ኮድ ከፍታ አነበበችው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች በነፃ ይሠሩታል። ጥፋቱን በሁለት ሳምንት አገኘችው። መስመሩ ሲደክም ፕሮግራሙ ያለፈውን ምስል ሁሉ በተራ ካልላክሁ ብሎ ድርቅ ይላል። ያረጀውን ጥሎ፣ ሰውየው የሚነካካውን ቦታ ብቻ ቢያስቀድም ዲላም አዋሳም እኩል ይሆናሉ።

ይህን ፕሮግራም የሚሠራው ፕሮጀክት ለክረምት ተማሪ ይቀበላል። ሦስት ወር ከሜንተር፣ ማለትም ከሚመራው ባለሙያ ጋር ያሠራል፤ ሥራው ከተማሪው ስም ጋር ፕሮግራሙ ውስጥ ይቀራል።

አንድ ተማሪ።

4

ከማመልከቻ ፎርሙ፦

የፕሮጀክቱ ርዕስ፦ በደካማ መስመር የሚታዘዝ ስክሪን

ለምን እርስዎ?፦ ችግሩ በሳምንት ሁለት ጊዜ ስለሚደውልልኝ።

ሐሳቡን በውይይት ገጻችን ላይ አቅርበው ተወያይተውበታል?፦ አልተወያየሁም።

5

ስለ «አልተወያየሁም» ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል፤ ሜንተሩ ስላልገባው።

ኑሃሚን ባደገችበት ቤት ያላለቀ ነገር አይነገርም። አንዷ ሥራ ልትቀይር ነው፣ ሌላዋ ቪዛ ጠይቃለች፣ አርግዛለች፦ ዝም። የአጎቷን ማጨት ቤተሰቡ የሰማው የሠርግ ካርዱ ሲደርሰው ነው፤ ማንም አልተቀየመም፤ እንዲያውም ብልህ ነው ተባለ። ስለ ማመልከቻው ስትነግራት እናቷ በመጀመሪያ ያለችው ነገር «እስኪያልቅ ለሰው እንዳትናገሪ» ነው።

ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሰዎች ጋ ሕጉ ግልብጥ ነው። ያሰብሽውን በዚያው ቀን አደባባይ ላይ ትጽፊዋለሽ፤ ቀኑ ይመዘገባል፤ ሐሳቡ ያንቺ ይሆናል። ያልጻፍሽው ሐሳብ የማንም ነው።

ኑሃሚን ኮዱን እንጂ ውይይቱን አላነበበችም። ወሬ ነው ብላ። እዮስያስ «ገጹን እኔ እየተከታተልኩ እነግርሻለሁ» ሲላት ደስ አላት፤ ከአንድ ጣጣ ተገላገለች። ሐሳቧን የነገረችው ለእሱ ብቻ ነው።

አንድ ሰው።

6

ቴሌግራም፦

የካቲት 28
ኑሃሚን፦ ገጹ ላይ ስለ ደካማ መስመር ያነሳ ሰው አለ?
እዮስያስ፦ ማንም። ስለ ፕሪንተር ነው የሚጨቃጨቁት

መጋቢት 8
ኑሃሚን፦ ፕሮፖዛሉ ላብ ባለው ማሽኔ ላይ አለ። ግባና እንግሊዝኛዬን እይልኝ
እዮስያስ፦ ፓስዎርዱ ያው ነው?
ኑሃሚን፦ ያው ነው

መጋቢት 14
ኑሃሚን፦ ገጹስ?
እዮስያስ፦ ጭር ብሏል ኑሂ። አንቺ ረጋ ብለሽ ጨርሺ። እስኪያልቅ ለማንም እንዳታሳዪ

(የኋለኛው ምክር መጀመሪያ የማን እንደነበር ታውቃላችሁ።)

7

ስለ ፓስዎርዱ። ዋይፋይ ዶርም አይደርስም፤ ላብ ይደርሳል። ስለዚህ የክፍሉ ልጆች ማሽናቸውን ላብ አብርተው ይተዉና ከዶርም በስልካቸው ኢንተርኔት በሪሞት ይገቡበታል። የአንዱ ማሽን ሲያስቸግር በጓደኛ ማሽን ይሠራል። ሦስተኛ ዓመት ላይ የኑሃሚን ላፕቶፕ ስክሪን ሲሰበር ሙሉ ሴሚስተር በእዮስያስ ማሽን ሠርታለች። እሱም በእሷ። ፓስዎርድ መቀየር «አላምንህም» እንደማለት ይቆጠራል።

ማንም አልቀየረም።

8

የሜንተሩ ደብዳቤ፣ መጋቢት 29፦

«ውድ ኑሃሚን፤ ያስገቡት ሐሳብ እዮስያስ ከመጋቢት 10 ጀምሮ በገጻችን ላይ ሲያወያየን ከቆየው ጋር፣ ሥዕሎቹ ሳይቀሩ፣ አንድ ነው። የሌላ ሰው ሥራ መቀበል አንችልም። ማመልከቻው ነገ በእናንተ ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ላይ ይዘጋል። እስከዚያ የሚያብራሩት ካለ በገጹ ላይ ያሳውቁ። ለሌላ ጊዜ መልካም ዕድል እንመኛለን።»

ሌባ ተባለች። በትሕትና።

9

እዚህ ላይ የምታለቅስበት ክፍል መኖር ነበረበት። የለም። ልብሷን አጠበች፤ አሰጣች፤ ከዚያ የማሽኗን መዝገብ ከፈተች። ሪሞት ዴስክቶፕ ማን እንደገባ ይጽፋል።

መጋቢት 9፣ 8፡12፦ የእዮስያስ ላፕቶፕ ገባ
መጋቢት 9፣ 8፡14፦ ፋይል ተቀዳ
መጋቢት 9፣ 8፡15፦ የእዮስያስ ላፕቶፕ ወጣ

ሦስት ደቂቃ። እንግሊዝኛዋ መጥፎ ነው፤ በሦስት ደቂቃ ግን አይታረምም።

መዝገቡን ገጹ ላይ ልትለጥፈው አሰበች። ከዚያ ራሷን በሜንተሩ ቦታ አስቀመጠች። መዝገብ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ማንኛውም ፕሮግራመር በአንድ ደቂቃ ይጽፈዋል። ሌባ የተባለች ልጅ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ላይ ብታመጣው ማን ያምናታል። የሚታመነው የእዮስያስ የራሱ ቃል ብቻ ነበር።

10

መጋቢት 30፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ላብ። እዮስያስ አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ።

ኑሃሚን፦ አውልቀው።
እዮስያስ፦ ኑሂ። ልደውልልሽ ነበር።
ኑሃሚን፦ መቼ?
እዮስያስ፦ ውጤቱ ሲወጣ።
ኑሃሚን፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ ገጹ ላይ ስትለፈልፍ ከርመህ እኔን «ጭር ብሏል» አልከኝ።
እዮስያስ፦ ስሚኝማ። አንቺ አታስገቢውም ነበር። አውቅሻለሁ። የሁለተኛ ዓመቱን ፕሮጀክት እስካሁን «ትንሽ ቀረው» አይደል የምትዪው?
ኑሃሚን፦ አስገብቻለሁ።
እዮስያስ፦ መጋቢት ሃያ ሰባት ላይ። እነሱ ጋ የሚቆጠረው የተናገረ ነው። እኔ ተናገርኩ። አርባ ምናምን ጥያቄ መለስኩ። እሱ ሥራ አይደለም?
ኑሃሚን፦ «እኔ» እያልክ ነው የመለስከው።
እዮስያስ፦ ፎርሙ አንድ ስም ነው የሚቀበለው።
ኑሃሚን፦ እና ያንተ ሆነ።
ጋሽ ድንበሩ፦ ልጆች፣ የፍቅር ነገር ከሆነ ውጭ ጨርሱት።
ኑሃሚን፦ ፍቅር አይደለም ጋሽ ድንበሩ።
ጋሽ ድንበሩ፦ እሱማ ፊትሽ ላይ ያስታውቃል።
እዮስያስ፦ ከተቀበሉኝ አብረን እንሠራዋለን። ስምሽንም ምስጋናው ላይ አስገባዋለሁ።
ኑሃሚን፦ ምስጋናው ላይ።
እዮስያስ፦ ታዲያ ምን ላድርግ?
ኑሃሚን፦ እውነቱን ገጹ ላይ ጻፍ።
እዮስያስ፦ ያባርሩኛል እኮ።
ኑሃሚን፦ አዎ።

እዮስያስ ማዳመጫውን መልሶ አደረገ።

11

ኑሃሚን የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ላፕቶፗን ከፈተች። የእዮስያስን ማሽን መረጠች። የሦስተኛ ዓመቱን ፓስዎርድ ጻፈች።

ገባች።

የእሱ ስክሪን ፊቷ ላይ ተዘረጋ፤ የውይይት ገጹ በስሙ ክፍት ነበር። ከኋላዋ የእዮስያስ ወንበር ተንቋቋ። ቀስቱ አልታዘዝ ስላለው እጁን ከማውሱ አንስቷል።

«አዲስ መልእክት» የሚለውን ነካች። ርዕስ፦ ሐሳቡ የማን ነው። ከዚያ ሥር ሁለት መስመር ጻፈች፦ ሐሳቡ የኑሃሚን ነው። እኔ ከማሽኗ ወሰድኩት።

በእሱ ስም፣ ከእሱ ማሽን፣ በእሱ እንግሊዝኛ። ሜንተሩ ጥርጣሬ አይገባውም። የቀረው አንድ ቁልፍ መንካት ነው።

የስክሪኑ ጥግ ላይ የእሱ ማሽን መዝገብ አንድ መስመር ጨምሮ ነበር፦

መጋቢት 30፣ 8፡41፦ የኑሃሚን ላፕቶፕ ገባ

አየችው። ከመጋቢት 9ኙ መስመር ጋር አንድ ነው፤ ስሙ ብቻ ተለውጧል። ከዚያ የጻፈችውን ከኋላ ወደ ፊት አጠፋችው፤ የላቡ መስመር ፈጣን ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል አራተኛው ረድፍ ላይ እዚያው በዚያው ይጠፋ ነበር።

ርዕሱን ተወችለት።

12

ላፕቶፗን ዘጋች። ቦርሳዋን አነሳች።

«ቻርጀርሽን» አሉ ጋሽ ድንበሩ።

«የእሱ ነው።»

እዮስያስ ስክሪኑን እንጂ እሷን አያይም። ስክሪኑ ላይ ይህ አለ፦

ርዕስ፦ ሐሳቡ የማን ነው

መልእክት፦



«አሥራ አምስት ደቂቃ አለህ» አለችው። «ፓስዎርድህንም ቀይር።»

በሩ ጋ ስትደርስ የሞተውን ኮምፒውተር በእግሯ ገፋ አድርጋ ከመንገድ አወጣችው። ጋሽ ድንበሩ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ፊቷን አዩና ተቀመጡ። ወጣች። በሩን ዘጋችው።

13

መጋቢት 30፣ 8፡46። «ሐሳቡ የማን ነው» ከሚለው ርዕስ ሥር፣ ገና ባዶ፦

እዮስያስ፦