ቡሬ ስትጠራ

የጅርሞ እትብት በተቆረጠ ዕለት አባቱ «ሃንዱራህ፣ የእትብትህ ስጦታ ናት» ብሎ አንዲት ቡሬ ጊደር ሰጠው። የቦረና ልጅ እንዲህ ነው፤ ስም ሳይወጣለት ከብት ይወጣለታል። ያቺ ጊደር ወለደች፣ ልጆቿም ወለዱ፤ ጅርሞም ጭራቸውን ተከትሎ አደገ፣ አገባ፣ ሸበተ። አሁን ከዚያች ዘር የቀረችው አንዲት ላም ናት። እሷንም ቡሬ ይላታል።

ደጉ ዘመን! ሣሩ ጥጃ ይሸሽግ ነበር። ጎረምሶች ቱላ ከሚባለው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ሆድ እስከ አፉ ተደርድረው ውሃ ሲቀባበሉ፣ ዜማ አውጪው ጅርሞ ነበር። የላሞቹን ስም ተራ በተራ ሲጠራ፣ የተጠራችው ጆሮዋን አቁማ ከሜዳው ትመጣለች። ሌላዋ ንቅንቅ አትልም።

ዘንድሮ ግን ዝናቡ ደግሞ ቀረ። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው መከሩ፤ ከብቱ አቅም ሳለው ገሚሱ ይሸጥ፣ ገሚሱ በግመል ይለወጥ አሉ። ተራራው ግርጌ ሣር ያለው ሁቃም የጅርሞን ቡሬንና ወይፈኖቹን ወስዶ የምትታለብ ግመል ሊሰጥ ተስማማ።

«ግመል?» አለ ጅርሞ። «አንገት ብቻ!»

«አንገቷን ማን ጠጣ አለህ?» አለች ሚስቱ ጡሜ።

«ዝናብ ይምጣ እንጂ ቡሬ ትወልዳለች።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እስከዚያ ይህ ሕፃን ምን ይጠጣ? ዜማህን?»

የምራታቸው ጡት ደርቆ የልጅ ልጃቸው ጎጆ ውስጥ ያለቅስ ነበር። ጡሜም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በልጃቸው ስም እየጠራችው፣ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው፣ አባ ጉዮ» አለችው። ገመዱን ቡሬ አንገት ላይ ያጠለቀው እሱ ራሱ ነው።

ድርቁ በረታ። እንቢ ብለው ከብት ያቆዩ ሰዎች መንጋቸው እየወደቀ አለቀ። የጅርሞ የልጅ ልጅ ግን ጉንጭ አወጣ። ሽማግሌው ወተቱን ይጠጣል፤ ግመሏን ግን «እንግዳዋ» እያለ ዞር ብሎም አያያትም።

አንድ ቀን የሁቃ ሰፈር ውሃ ነጥፎበት መንጋውን ወደ ቱላው ነዳ። ጎረምሶቹ ዜማው ጠፍቷቸው፣ «አባ ጉዮ፣ አውጣልን እንጂ! ወይስ ድምፅህንም በግመል ለወጥከው?» አሉት። ሳቀና ጀመረ። አፉ ለምዶበት ቡሬን ጠራ።

ከሁቃ መንጋ አንዲት ላም ሌሎቹን ገፍታ ወጣች። መጥታ አፍንጫዋን ብብቱ ውስጥ ቀበረች። ጅርሞ አንገቷን አቅፎ በሰው ፊት አለቀሰ። የውሃው ቅብብልም ቆመ።

«ውሰዳት» አለ ሁቃ፣ የሱም ዓይን ቀልቶ። «ግመሌን መልስልኝና ውሰዳት።»

ጅርሞ የቡሬን ጎን ዳሰሰ። አጥንቷ አልወጣም፤ እንዲያውም አርግዛለች። ቢወስዳት የሱ ሜዳ አቧራ ነው። ልጁስ?

«ሣሩ ያለው አንተ ጋ ነው» አለ። ውሃዋን አጠጣት። ከዚያም ስሟን እየጠራ ፊት ፊት ሄዶ ከሁቃ መንጋ ቀላቀላት፤ እሱን ካገኘች ወዲያ በሌላ ድምፅ አትሄድም ነበርና።

ሲመለስ ግመሏ ከገንዳው ርቃ ቆማ ታመነዥጋለች። ትንሽ አያትና አፈረ። እስከ ዛሬ ስም እንኳ አላወጣላትም።

«ባልዲውን ያዙ» አላቸው ጎረምሶቹን። ጉሮሮውን ጠርጎ አዲስ ዜማ ሞከረ፦ «አንቺ ባለ ረጅም አንገት፣ የልጄን ልጅ ያሳደግሽ፣ ነይ...»

ጎረምሶቹ በሳቅ ፈረሱ። ግመሏም አልመጣችም።

«ቡሬም ጥጃ ሳለች እንዲሁ ነበረች» አለና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።