የማልያ ልክ

የእህቴ ልጅ ከሜዳ የምትመለሰው ማልያዋ ሳይቆሽሽ ነበር። የንዴቴ መነሻ ይኸው ነው። ሌሎቹ ልጆች ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ጉልበታቸው ተልጦ ሲወጡ፣ እሷ ፎቶ ሊያነሷት እንደጠሯት ሰው ጽድት ብላ ትመጣለች። እናቷ ነርስ ናት። ቅዳሜ ረፋድ ከአዳር ሥራ ገብታ፣ እግሯን ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ "ቢያንስ እጥበት አታበዛብኝም" ትላለች።

ልጅቷም ትስቃለች። ባለፈው ሳምንት ግን አልሳቀችም።

"የሚመጣው ቅዳሜ የመጨረሻዬ ነው" አለች። "ኳስ አልችልም መሰለኝ።"

ትችላለች። ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ ስታይ ኳሷን አትከተልም፤ ዓይኗ ተከላካዮቹ ላይ ነው። "አሁን ከኋላው ሊገባበት ነው" ትላለች፤ ይገባበታል። ሜዳ ላይ ግን ግራ ክንፍ ላይ ተገትራ፣ የማትመጣ ኳስ ስትጠብቅ ትውላለች።

ለምን ግራ ክንፍ? አሰልጣኙ ልብስ ሰፊ ስለሆነ። የቡድኑን ማልያ ከትርፍ ጨርቅ የሰፋው ራሱ ነው። ከአንድ ቁጥር ጀመረ፤ ጨርቁ እያለቀ ሲሄድ ማልያውም እያነሰ ሄደ። አንድ ቁጥር ድንኳን ያህላል፣ አስራ አንድ ቁጥር የትራስ ልብስ። አዲስ ልጅ ሲመጣ ትከሻውን በሜትር ለክቶ የሚሆነውን ማልያ ይሰጠዋል። ማልያው ቁጥር አለው፣ ቁጥሩ ቦታ አለው፣ ልጁም እዚያው ቦታ ይተከላል። የእህቴን ልጅ ከቅጥነቷ የተነሳ "ፌንጣ" ነው የሚሏት። አስራ አንድ ቁጥር ደረሳት።

ሐሙስ ማታ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄድኩ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ የደንብ ልብስ እስከ መስኮቱ ተከምሯል።

"ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ተከላካይ ናት።"

"አራት ቁጥር ጉልበቷ ድረስ ይወርዳል" አለ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል።

"ያጥብቡታ።"

"ከዚያ ግንቡ ምን ሊለብስ ነው? እሷን የትራስ ልብስ? አንገቱንም አታሳልፍ።" ግንቡ የሚሉት ግዙፉን የመሀል ተከላካይ ነው።

"እንግዲያው አስራ አንድ ለብሳ ኋላ ትቁም።"

መኪናውን አቆመ። "አስራ አንድ ለብሶ ኋላ የቆመ ሰው የት አይተሃል?"

"ቁጥሩን የሚያየው ዳኛው ነው እንጂ ኳሷ አይደለችም።"

"በእኛ ጊዜ ቁጥርህ ቦታህ ነበር። እነዚህ ገና ልጆች ናቸው፤ ቁጥራቸው ካልያዛቸው ኳሷን እንደ ዝንብ ነው የሚወሯት።"

"ትከሻ አይጫወትም፣ ጋሼ። ግንቡ የሚሮጠው ሰውየው ካለፈው በኋላ ነው። ኋላ የሚቆም ሰው ነገሩ ሳይመጣ የሚታየው ነው እንጂ በር የሚሞላ አይደለም። እርስዎ ግን ሰውን እንደ ሱሪ በሜትር እየለኩ..."

"ድምፅህን ቀንስ" አለኝ ሳይቆጣ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ዓይኑ ደም መስሏል። "አንተ ተናግረህ ትሄዳለህ። እኔ ይህን ሁሉ ልጨርስ ነው። ቡድኑን የሚረከበኝ ካለ ዛሬውኑ ላስረክብ።"

እረከባለሁ አላልኩም። እየተነጫነጭኩ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ከእረፍት በፊት ሦስት ገባብን። ሦስቱም በአንድ መንገድ ነው የገቡት፤ አጥቂው ከግንቡ ጀርባ ሾልኮ። ግንቡ ከእያንዳንዱ ጎል በኋላ የራሱን እግር ያያል።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ፌንጣ ክንፏን ትታ፣ ሜዳውን አቋርጣ፣ ግንቡ አጠገብ ቆመች። ማንም አላዘዛትም።

"ፌንጣ፣ ቦታሽ" አለ ልብስ ሰፊው።

አልዞረችም። "አንተ ፊት ለፊትህ ያለውን ብቻ ያዝ" አለችው ግንቡን። "ከኋላህ የሚመጣው የኔ ነው።"

"ተገላገልኩ" አለ ግንቡ።

ልብስ ሰፊው ደግሞ ተጣራ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጣራ ድምፁ ተዘጋ፤ መጥቶ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ያ አጥቂ እንደለመደው ሾለከ፤ እሷ ቀድማው እዚያ ነበረች። ተንሸራታ ኳሷን ከእግሩ ስር አወጣችና ጭቃው ውስጥ ተነከረች። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ደረሰች። ልብስ ሰፊው መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ መልሶ አደረገ።

ተሸነፍን። ሦስቱ ግን ሦስት ሆነው ቀሩ።

"ጋሼ..." ብዬ ስጀምር፣

"አይቻለሁ" አለኝ። "ዛሬ እንኳ ተወኝ።"

ፌንጣ እግሯን እየጎተተች መጣች። ማልያዋ በጭቃ መልኩ ጠፍቷል።

"ነይ ወዲህ" አላት።

"ማልያውን ልመልስልዎ፣ ጋሼ?"

ትከሻዋን ይዞ አዞራት። ከኪሱ ትንሿን መቀስ አውጥቶ ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁጥር ክር በክር ይፈታ ጀመር። ሲነቀል ከስሩ ያልደበዘዘው ጨርቅ አሁንም አስራ አንድ ይላል።

"ይታያል" አልኩት።

"ይታይ።" ቁራጮቹን ኪሱ ከተተ። "ስንት ልለጥፍልሽ?"

"የሚመጣው ቅዳሜ ይጠይቁኝ፣ ጋሼ። አሁን ደክሞኛል።"

ቤት ስንደርስ እናቷ እግሯን እንደነከረች ነበር። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ረጅም ተነፈሰች። ከዚያ እግሯን አወጣችና ባልዲውን ወደሷ ገፋችላት።