የሹፌሯ ወንበር

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ አልቆ ነበርና ወፍራሙ ጎረቤት ግራ ቀኙን ቃኝቶ ግድግዳው ጥግ የቆመው የመኪና ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ወንበሩ ከመኪናው ተነቅሎ እንዲሁ ወለል ላይ የተቀመጠ ስለነበር ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ የጎረቤቱም እግሮች ወደ ላይ ተሰቀሉ። ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ሳቅ ሐዘን ቤት ውስጥም ቢሆን ሲመጣ ፈቃድ አይጠይቅም።

«ጋሼ፣ እሱ ላይ እንኳ አይሁን» አለ ባልየው ብድግ ብሎ። «እዚህ፣ እኔ ቦታ ላይ ይቀመጡ።»

ከቀብሩ ወዲህ ከአፉ የወጣው ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር። ጎረቤቱን በክንዱ ደግፎ አነሳና በራሱ ቦታ አስቀመጠው። ለራሱ ሌላ መቀመጫ አልፈለገም፤ ከወንበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ጋራዥ ውስጥ «ሽቦ» ነው የሚሉት። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ በዚያ ላይ ቀጭን ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ብዙ አልደከመም። የሞተችው ሚስቱ ናት። ተማሪ የሚያመላልስ ሚኒባስ ትነዳ ነበር። ሞተር ከማስነሳቷ በፊት በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየች «ቀጥ በሉ» ትል ስለነበር ልጆቹ ስሟን ትተው «ቀጥ በሉ» ይሏት ጀመር፤ ቀስ በቀስ ሰፈሩም ለመደው። ወንበሩ የእሷ ነው።

ልጃቸው ሲኒዎች የደረደረችበትን ትሪ ይዛ በሰው መሃል እየዞረች ቡና ታድላለች። የሟች ታላቅ እህት ከኋላዋ መጣችና ሽቦ አጠገብ በርከክ አለች።

«ይሄን ነገር ወደ ጋራዥ አስወስደው እንጂ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ምን ይላል? ሚስቱ ሞታ እሱ ወንበር ይጠብቃል ይሉሃል።»

«ማሞቂያውን ልቀይርለትና፣ እትዬ።»

«ለማን?»

ሽቦ ወንበሩን አየ። እትዬም ያለችው ነገር መልሶ ራሷን መታትና ዓይኗን እየጠረገች ተነሳች።

ወንበሩ ከውስጡ የሚሞቅ ዓይነት ነው። ከልባሱ ሥር፣ ከስፖንጁ በላይ፣ ቀጭን ሽቦ የተሰፋበት ጨርቅ አለው። ማብሪያውን አንዴ ሲጫኑት አንድ ትንሽ መብራት ይበራና ለብ ይላል፤ ሁለቴ ሲጫኑት ሁለተኛው መብራት ይበራና ይግላል። እሷ አንድ መብራት የሚባል ነገር አታውቅም ነበር፣ ሁልጊዜ ሁለት።

ባለፈው የብርድ ወራት መጀመሪያ ላይ ጋራዥ ድረስ መጣች።

«የጀርባው አይሞቅም» አለችው ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። «ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አግብቼ በብርድ ልድረቅ? ሚስትህ ከምሆን ደንበኛህ ብሆን ይሻለኝ ነበር።»

ሁሉም ሳቁ፣ ሽቦም ሳቀ። ልባሱን ገፎ ሲያይ የጀርባው ጨርቅ አንድ ቦታ ላይ ጠቁሮ ሽቦው ተበጥሷል። አዲስ ገጠመላት። አሮጌውን ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ሚስማር ላይ ሰቀለው፤ አንድ ቀን ለአንድ ነገር ይሆናል ብሎ ነው፣ እቃ መጣል አይወድም።

ብርዱ ሳያልፍ ያም ተቃጠለ። ሽቦ «እቃው ፎርጅድ ነው» አለና ሻጩን ረገመ፤ ከጎኗ ካለው ወንበር ደህናውን ማሞቂያ ፈትቶ ለእሷ አዞረላት። እሱም አልቆየም። ያኔ ነው ወንበሩ ጀርባ ላይ ታጥፎ የተጠቀጠቀ የሱፍ ሻርፕ ያገኘው።

«ለካ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ» አላት ሻርፑን እያራገበ። «ምንም ነገር አትደርቢበት። ሙቀቱ መውጫ ያጣና ራሱን ያቃጥላል።»

«እሺ ጌታዬ። ወገቤን ደገፍ ያደርግልኛል ብዬ ነው።»

«ወንበሩን ወደ ፊት ሳቢው፣ ይደግፍሻል።»

ደስ ብሎት ነበር። የብልሽቱን ምክንያት አግኝቷል፤ ምክንያት ካገኘ በኋላ ሌላ ነገር የመጠየቅ ልማድ የለውም። አሮጌዎቹን ሚስማሩ ላይ ደርቦ ሌላ ገዝቶ ገጠመላት።

አንድ ምሽት ደግሞ ልጆቹን አድርሳ ተመለሰች፤ ሚኒባሱ ግቢ ገብቶ ቆመ፣ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ራት ቀረበ፣ አልገባችም። ሽቦ ወጥቶ መስኮቱን አንኳኳ። በሁለት እጇ መሪውን ይዛ፣ ወደ ግራ ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ነዳጁን ጨረሽው እኮ» አላት።

«ዜና እየሰማሁ ነው። መጣሁ።»

ራዲዮው ዝግ ነበር። ይህ ትዝ ያለው አሁን ነው፣ ለቅሶ ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ። ያን ጊዜ ዓይኑ የሄደው ወደ ነዳጅ ቆጣሪው ነበር።

አዲስ ከገቡት ለቀስተኞች መሃል ከተማሪዎቹ የአንዷ እናት አለች። ቡናዋን ሳትቀምስ ሲኒውን በእጇ እያዞረች ለአጠገቧ ሴት ታወራለች፤ ታንሾካሹካለች ይባል እንጂ ቤቱ ሁሉ ይሰማታል።

«የእኔዋማ ሰርቪስ አልገባም ብላ ጠዋት ታለቅሳለች። ሌላ ሹፌር ሲመጣ አየቻ። ምን አለችኝ መሰለሽ? 'እማዬ፣ እኛን ቀጥ በሉ ትለናለች፣ እሷ ግን ትጎብጥ ነበር። መብራት ሲይዘን መሪው ላይ ትተኛ ነበር' አለችኝ። ልጆች ከኋላ ሆነው ነዋ የሚያዩአት።»

«ውይ» አለች ሌላዋ። «ቤተሰብ ሳያውቅ?»

ሽቦ ውሃ የጠማው አስመስሎ ተነሳ። የማድ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ እትዬና ልጁ ሲኒ ያጥባሉ።

«ለእኔ እንኳ አንድ ቀን ትንፍሽ ሳትል» ትላለች ልጁ።

«ለእኔም በግድ ነው። 'ብተኛ አይለቀኝ፣ ብቆም አይለቀኝ፣ ያ ወንበር ላይ ስደገፍ ብቻ ነው ፋታ የሚሰጠኝ' አለችኝ። ሐኪም ጋ እንሂድ ስላት፣ ትምህርት ቤት ይዘጋና እያለች።»

«ለአባዬስ ለምን አትነግረውም?»

የቧንቧው ውሃ ተዘጋ።

«ነግራዋለች እኮ ልጄ» አለች እትዬ። «ወንበሩን ሥራልኝ፣ ወንበሩን ሥራልኝ ስትል አይደል የከረመችው? ከዚህ በላይ እንዴት ትንገረው? አባትሽን ታውቂው የለ፣ ከመኪና ሌላ ምን ይሰማል?»

በክፋት አላለችውም። ክፋት ቢኖርበት ሽቦ ቢያንስ የሚቆጣው ሰው ያገኝ ነበር። ውሃውን ሳይጠጣ ተመልሶ በረንዳው ላይ ቆመና ጋራዥ አብሮት ለሚሠራ ጓደኛው ደወለ።

«ያዘዝኩት ማሞቂያ ደርሷል አይደል? እሱን ይዘህልኝ ና። ሚስማሩ ላይ የተሰቀሉትን አሮጌዎቹንም።»

አዲሱ ማሞቂያ ከደረሰ ሰንብቷል። የመጨረሻው ሲቃጠል ሽቦ ሻርፑን ፈልጎ አጥቶት ነበር፤ ሻርፑ ትከሻዋ ላይ ነበር። እሷ እሱ ከመፈተሹ በፊት ሻርፑን ማውጣት ተምራለች፣ እሱ ደግሞ ግራ ገብቶት እልህ ያዘው። «አሁንስ ከሥሩ ነው የምነቅለው» ብሎ ወንበሩን ፈትቶ ቤት አስገባና ደህና እቃ አዘዘ። በምትኩ ከተገለበጠ መኪና የወጣ፣ እንደ ጣውላ የደረቀ ወንበር ገጠመላት። በእሱ ላይ ነዳች። ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «መጣ?» ትለዋለች። «በዚህ ሳምንት» ይላታል። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከዚያ ወንበር መውረድ አቃታት፤ ሰው የጠሩት ልጆቹ ናቸው።

ሐኪሙ የራጁን ፊልም መብራት ላይ ሰቅሎ በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየው። በግራ በኩል፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ዝቅ ብሎ። «ሕመሙ ከዚህ ነው የተነሳው» አለ። «ከዓመት በፊት ብትመጣ ኖሮ...» ብሎ መብራቱን አጠፋ።

አልጋ ላይ ሆናም «ወንበሬ ደረሰ?» አለችው።

«አሁን የመኪና ነገር ነው የሚታሰብሽ?» አላት። መቆጣቱ ነበር። ስለ ራስሽ አስቢ ማለቱ ነበር።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ስለ ወንበሩ አልጠየቀችም።

ጓደኛው ጋራዡ ውስጥ የመኪና ወንበር ልባስ የሚሰፋው ሰው ነው። ለቅሶ ቤት ካርቶን ታቅፎ መግባቱ አሳፍሮት፣ ኮቱን ደርቦበት መጣ። ወንበሩን ለሁለት ተሸክመው ሰው እያየ ወደ መኝታ ቤት አስገቡት። እትዬ የሽቦን ፊት አይታ በሩን ከፈተችላቸው።

ሽቦ ሦስቱን አሮጌ ጨርቆች እሷ ትተኛበት በነበረው የአልጋው ወገን ላይ አንዱን በአንዱ ላይ አነጠፋቸው፣ ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክሎ። ከዚያ የወንበሩን ልባስ ገፎ አራተኛውን አወጣና ከላይ ደረበው። የጠቆረው ቦታ ከጠቆረው ቦታ ጋር ገጠመ። በግራ በኩል፣ ወገብ ላይ፣ የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት። በተቃጠለው ቀዳዳ ጣቱን ቢሰድ በአራቱም አልፎ ፍራሹን ነካ።

«ያው ቦታ ነው» አለ።

«እቃው ነው ወንድሜ» አለ ልባስ ሰፊው። «የዘንድሮ እቃ አልረባም።»

«እቃውማ ደህና ነበር። ሐኪሙ በእስክሪብቶ ያሳየኝ ቦታ ነው። እኔ ከሐኪሙ በፊት አይቼዋለሁ። በእጄ ይዤዋለሁ፣ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ዓመት ሙሉ ከራሴ በላይ ተንጠልጥሎ ሠርቻለሁ።»

ጓደኛው አዲሱን ማሞቂያ ከካርቶኑ አወጣ። ሽቦ እጆቹን ጠላቸው። ያም ሆኖ ፒንሳውን አነሳ፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

ስፖንጁን አጸዱ፣ አዲሱን ጨርቅ ሳይጨማደድ ለጠፉ፣ ልባሱን ወጥረው በብረት ቀለበቶቹ መልሰው ያዙት። ሽቦ እያንዳንዱን ቀለበት ሁለት ጊዜ ጎትቶ አየ፣ ነገ ጠዋት ተረካቢ ያለው ይመስል። ከሳሎን አዲስ ለቅሶ ተሰማ፤ ሩቅ ያለ ዘመድ ደርሷል። ልጁ በሩን ከፈት አደረገች።

«አባዬ፣ ሰው መጥቷል።»

«የእናትሽ ሻርፕ የት አለ?»

«የቱ?»

«የሱፉ።»

ልጁ ከራሷ ትከሻ ላይ አውርዳ ሰጠችው። ሽቦ ማብሪያውን ጓደኛው በካርቶኑ ጨምሮ ካመጣው የመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ አንዴ ተጫነው። አንዱ መብራት በራ። መዳፉን የወንበሩ ወገብ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ሙቀቱ ቀስ ብሎ መጣ፣ ከጫፍ ጫፍ እኩል፣ አንድም እንከን የለበትም።

ሻርፑን አራት ቦታ አጠፈና ከወንበሩ ግራ በኩል፣ እዚያው ቦታ ላይ ጠቀጠቀው።

«ኧረ አትደርብበት፣ ይታፈንና...» አለ ልባስ ሰፊው በልማድ።

ሽቦ ሻርፑን በመዳፉ ደግፎ ይዞ፣ በሌላ እጁ ማብሪያውን እንደ እሷ ለሁለተኛ ጊዜ ተጫነው።